ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠው ጽዋ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የልጄ ልጅ ሕሊና ከአዲስ አበባ መጥታ አንድ የሚያብረቀርቅ ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። መድኃኒት መስሎኝ "ደግሞ ይኼ የምን ኪኒን ነው?" አልኳት። ሳቀችብኝ። ለካ ካርታ ነው። ለክርስቲያን ቤተሰብ ተብሎ የተሠራ መንፈሳዊ ካርታ። በአንዱ ላይ ኖኅ ከነመርከቡ፣ በሌላው ዳዊት ከነወንጭፉ ተሥሎበታል፤ ጀርባው ላይ ጥያቄ አለ፣ የመለሰ ይወስደዋል። እሁድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ከልጅ ልጆቼ ጋር ከብበን ተቀመጥን። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ የስምንት ዓመት ልጅ አሸነፈኝ። የያዕቆብን ልጆች በሙሉ ጥሪ ቢለኝ ዮሴፍንና ብንያምን ብዬ እዚያው ቀረሁ። "አያቴ፣ አንቺ ስብከት ላይ ስለምታንቀላፊ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የእኛ ቄስ ደግሞ ስብከታቸው ይረዝማል፣ ምን ላድርግ።

ሕሊና ካርዶቹን እየሰበሰበች "በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም አይደል?" አለችኝ፣ እንደ ማዘን ብላ። የዛሬ ልጆች እንዲህ ሲሉ ያናድደኛል። እኛ ጨዋታ የሚባል ነገር ሳናውቅ ያረጀን ይመስላቸዋል። "ነበረ እንጂ። የእኛው ግን ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር" አልኳት። አላመነችኝም። በችኮላ ጥቂት ነገር ነገርኳት፣ ማታ ግን ጋደም ስል ያልነገርኳት ሁሉ እየተግተለተለ መጣብኝ። እንግዲህ እሱን ነው የምጽፈው።

ያኔ ከተማችን ከሚሴ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ባጃጁ ከግራና ከቀኝ እየተሽሎከለከለ መንገድ መሻገር ለእንደኔ ዓይነቷ ጭንቅ ሆኗል። ያኔ ከተማ ማለት አስፋልቱን ተከትሎ የተሰለፈ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ከጓሮ ብትወጪ ማሽላ ውስጥ ነሽ። ከደሴ የሚወርደው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ ለምሳ እኛው ጋ ይቆማል። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ አምባሰል ይንቆረቆራል፤ አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ይሰማና ሹፌሮቹ ይቆጡታል። በታች ካለው ሜዳ የጨፋ ሰው ማሽላውን በግመል ጭኖ ሲመጣ ግመሉ በየደጃፉ አንገቱን ያስገባል። አንድ አገዳ ሸንኮራ አምስት ሳንቲም፣ የላስቲክ ጫማ ካለሽ ደግሞ ሀብታም ነሽ፤ ኋላ ፀሐይ ሲመታው እግርሽን ቢቀቅልሽም። የገበያ ቀን የጨፋ ልጃገረዶች በየጆሯቸው ላይ አሪቲ ሰክተው ሲያልፉ እኛ የከተማዎቹ ቆመን እናያቸው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የቦርከና ውኃ ሲጎድል ወባው ይነሣል፤ ጥቅምት ላይ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

አባቴ ሹፌር ነበር። እናቴን ከመንዝ አምጥቶ እዚህ ቆላ ላይ ያስቀመጣት እሱ ነው። አንድ ጊዜ ጭኖ ወደ አሰብ ወረደና አልተመለሰም። መኪናውም፣ ረዳቱም፣ ወሬውም አልተመለሰ። ጊዜው እንዲያ ነበር፤ ሰው ወጥቶ ይቀራል፣ የሚጠየቅ የለም። የሞተ እንደሆነ ይለቀስለታል፣ ተዝካር ይወጣለታል። ያለ እንደሆነ ይጠበቃል። እማዬ ግን በሁለቱ መሃል ቆማ ቀረች። ጥቁር አትለብስ፣ ነጭ አያምርባት። ከሁሉ ያስመረራት የሴቶቹ ጥያቄ ነበር። ገበያ ብትወጣ "አስካለ፣ ወሬ ሰማሽ?" ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ "ምነው፣ እስካሁን ወሬ የለም?" ለክፋት አይደለም የሚጠይቋት፣ አዝነውላት ነው። እሷ ግን "የለም" ባለች ቁጥር ራሷ የምትገድለው ይመስላት ነበር። በመጨረሻ መውጣቱን ተወችው። ገበያውን ወንድሜ ታደሰና እኔ እንሄዳለን። ከዚያ የባሰው የሚካኤል ማኅበሯን መተዋ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ በአንዷ ቤት የሚሰበሰቡ፣ በከተማው ያሉ ጥቂት ክርስቲያን ሴቶች ነበሩ፤ ዘመድ ማለት እነሱ ነበሩ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ሌላ ምን ዘመድ አለው። ተራዋ ሲደርስ "አሞኛል በሏቸው" ብላ እኛን ላከች። በሚቀጥለው ወርም አመማት። "ባሌ የት እንዳለ ሳላውቅ ድግስ ደግሼ ጽዋ ላነሣ?" ብላ ለጎረቤታችን ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። እኔ ልጅ ብሆንም ይገባኝ ነበር፤ አባቴን አጥተናል፣ አሁን እሷንም እዚያው ቤት ውስጥ እንደተቀመጠች ልናጣት ነው። ሌት ተቀን የምጸልየው ስለ አባዬ መመለስ አልነበረም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ከቤት እንድትወጣ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ናቸው። ባላቸው ጋሼ ኡመር ሱቅ ነበራቸው፤ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ ሳሙና። ልጃቸው ሰዓዳ ከእኔ ጋር እኩያ ናት፣ በመሃላችን የሾህ አጥር አለ ቢባልም ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። እትዬ ዘሀራ እማዬ አልወጣም ስትል እሳቸው ይገባሉ። በየቀኑ የአስር ሶላታቸውን ሰግደው "አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ፣ አስካለ?" እያሉ በጓሮ በኩል ብቅ ይላሉ፤ እማዬም በኦሮምኛ "ፈያ" ትላለች፣ ከዚያ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። አንድም ቀን ወሬ ሰማሽ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም።

ካርታውን የጀመረው ታደሰ ነው። ሹፌሮቹ በሻይ ቤቱ ደጅ ካርታ ሲጫወቱ አይቶ ቤት ውስጥ ሊጀምር ቢል እማዬ "ካርታ በቤቴ? የሰይጣን ነው" ብላ ገሠጸችው። እሱም ተንኮለኛ ነው፣ "የጻድቃን ካደረግነውስ?" አላት። ዝም አለች፤ ዝም ያለች እናት ፈቀደች ማለት ነው። ከጋሼ ኡመር ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምነን በመቀስ ቆራረጥነው። ለእያንዳንዱ የወር ቀን አንድ አንድ ቁጥር ጻፍንበት፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር ጓደኛ የሚሆን ሥዕል። ለአንድ ልደታ፣ ለአምስት አቦ ከነአንበሶቹ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ለሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። የጊዮርጊስን ፈረስ ታደሰ ነው የሣለው፣ በቅሎ ነው የወጣለት። ሰዓዳም አብራን ትሥል ነበር፤ ፊት ግን አልሥልም አለች፣ ኡስታዟ የነገሯት ነገር አለ። ስለዚህ ክንፉን፣ ጦሩን፣ ዘንባባውን እሷ ትሠራለች፣ ፊቱን እኔ እጨምርበታለሁ። ለሠርግ ተበጥብጦ የተረፈ ሂና አምጥታ የመላእክቱን ክንፍ ቀባችው። እንዲህ ያለ ቀይ ክንፍ ያላቸው መላእክት ከዚያ ወዲህ በየትም ቤተ ክርስቲያን አላየሁም።

በዓላቸውን የማናውቃቸውን ቀኖች ባዶ ተውናቸው፤ ታደሰ "ባዶ ቀን" ብሎ ጻፈባቸው። መምሬ ኃይሌ፣ የንስሐ አባታችን፣ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እማዬ ካርታውን ከመደቡ ሥር ልትደብቅ ስትል ደረሱባት። አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት። እኔ እሳት ውስጥ የሚጨምሩት መስሎኝ ሰዓዳን ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት። "ማነው ባዶ ቀን ያለው?" አሉ። ታደሰ እያፈረ እጁን አወጣ። "ባዶ ቀን የሚባል የለም፣ ልጄ። ሁሉም ባለቤት አለው" አሉና እርሳስ አስመጥተው ዘጠኝን ቶማስ፣ አሥራ አምስትን ቂርቆስ፣ ሃያ አምስትን መርቆሬዎስ እያሉ ሞሉልን። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው "በቅሎውን ግን አስተካክሉት" አሉ። ሳይስተካከል ቀረ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ካርዱ ለሁሉም ይታደላል፤ ቁጥሩና ሥዕሉ የገጠመለት ጥንዱን መሬት ይጥላል። ከዚያ በየተራ ከጎንሽ ካለው ሰው እጅ ሳታይ አንድ ትመዣለሽ። ጥንድ የሌላት አንዲት ካርድ ብቻ አለች፣ እሷም ጽዋ ናት። የእማዬን ማኅበር አስበን የሚካኤልን ክንፍ በዙሪያዋ ሥለንባት ነበር። ሁለት ሰው ሲቀር ጽዋዋን የመዘዘ፣ ወይም በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረችበት ሰው ደጋሽ ነው፣ በማግሥቱ ቆሎ ይዞ ይመጣል። ሕጉ ግን እንደ ትልልቆቹ ነው፦ ጽዋው የደረሰው ሰው ይነሣል፣ ካርዷን በሁለት እጁ ይይዝና "ተቀብያለሁ፣ በሰላም ያድርሰን" ይላል። ይኼን ሳይል የተቀመጠ ሁለት እጥፍ ቆሎ ያመጣል። ሰዓዳም ትላለች፣ "ኢንሻአላህ" ጨምራበት።

ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ታደሰ ወባ ያዘው። ብርድ ልብስ ደራርቦ ከመደቡ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እኔና ሰዓዳ ለሁለት ብንጫወት አይሆንም፤ ጽዋዋ አንቺ ጋ ካልሆነች እሷ ጋ መሆኗን ታውቂዋለሽ። እትዬ ዘሀራ ፈትላቸውን አስቀመጡና "ቢስሚላህ፣ ለእኔም ስጡኝ" አሉ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው መሬቱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ "ኮቱ፣ ታኢ፣ ነይ ተቀመጭ። ልጆቹ አራተኛ ሰው አጡ እኮ" አሏት። እማዬ "እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ" እያለች ተቀመጠች። ቁጥር ማንበብ ስለምትችል ቶሎ ገባት። እንዲያውም ኪዳነ ምሕረትን ስትገጥም ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱ ቀሩ። እማዬ ከእትዬ ዘሀራ እጅ ልትመዝ ነው። እኔ ከእትዬ ዘሀራ ትከሻ ሥር ስለተቀመጥኩ የያዙትን አያለሁ፦ አንዲት ሥዕልና ጽዋ። ጽዋዋን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው ከሌላይቱ አስበለጧት። ማንም ሰው ጎላ ያለውን ነው የሚመዘው። ከእሷ ለመገላገል ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ፣ ሁላችንም እንደዚያ እናጭበረብር ነበርና።

እማዬ መዘዘች። አየችውና ሳታስበው፣ ከልማድ፣ ተነሣች። ካርቶኗን በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ዝቅ አድርጋ "ተቀብያለሁ፣ በሰላም ያድርሰን" አለች። እኔና ሰዓዳ "ቆሎ፣ ቆሎ" ብለን አጨበጨብን። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ፊቷ ጠቆረ። "ምን ብዬ ነው?" አለች።

"ጨዋታ እኮ ነው፣ እማዬ" አልኳት።

"የሚካኤልን ጽዋ ይዤ፣ ቆሜ፣ ምስክር ፊት? አንደበቴ አውጥቶታል፣ ዓለሚቱ። የካርቶን ነበር ብዬ ለመልአኩ ልነግረው ነው?"

ወደ እትዬ ዘሀራ ዞርኩ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ተይ የልጅ ጨዋታ ነው ይሏታል ብዬ። እሳቸው እንዝርታቸውን አንሥተው ረጋ ብለው "ቃልማ ከወጣ ወጣ፣ አስካለ። በእኛም ነዝር የተሳለ ስለቱን ይፈጽማል። ኅዳር ሚካኤል መች ነው፣ ቅርብ አይደል?" አሏት። እማዬ ወደ ታደሰ ሄዳ ግንባሩን ዳሰሰች። ብርድ ልብሱን እያስተካከለችለት "ምን ይዤ?" አለች። "እሱን ለእኔ ተይው" አሉ እትዬ ዘሀራ።

ደጋሽ ለመሆን ግን መጀመሪያ የማኅበሩን ሙሴ፣ የመሪዋን፣ የእትዬ ጥሩነሽን ደጅ መርገጥ ያስፈልጋል። ያን ዕለት እኔ እጇን ይዤ ሄድኩ። ነጠላዋን ከሣጥን አውጥታ ስታራግፈው የታጠፈበት መስመር እንደ ገመድ ቆሞ ነበር። የሸንኮራ ሻጮቹ ጥግ ስንደርስ አንዲት የምታውቃት ሴት ከሩቅ አየችና እጇን አነሣች፤ እማዬ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት መመለስ ጀመረች። እጇን ለቀቅኩና እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። አልቅሼ ለመንኳት ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር። "አባዬ ጠፋ፣ አንቺም ልትጠፊ ነው" አልኳት። ሸንኮራ ሻጩ ሁሉ ሰማኝ። እማዬ ቆመች። ተመልሳ መጥታ ቀሚሴን ከአቧራ አራገፈችልኝና እጄን ያዘች፤ እስክንደርስም ለማንም ቀና አላለች።

ወፍራሟ እትዬ ጥሩነሽ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት ደነገጡ። እማዬ ሰላምታም ሳታስቀድም "የኅዳሩን ጽዋ እኔ ላንሣ ብዬ ነው፣ ከፈቀዳችሁ። ስሜን አውጥታችሁት ከሆነም..." አለች። "የምን ስም ማውጣት?" አሏት እትዬ ጥሩነሽ። "ተራሽ ሲደርስ እየዘለልንሽ ነው እንጂ ቦታሽ እንዳለ ነው። ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።" ወሬ ሰማሽ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፣ አየኋቸው፤ እኔን አዩና መልሰው ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት መሰለ። ከጨፋ ሮቢት ገበያ ጋሼ ኡመር አንድ ሙክት ሳይታረድ ነድተው አምጥተው ከደጃችን አሰሩት፤ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላ፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉ፣ ነገር ግን በግ ደጅ ላይ ታስሮ እስካለ ድረስ የማንም አይደለም። "አራጁ ከናንተ ይምጣ፣ ቢላውን ሳልኩላችሁ" አሉ። ችግሩ ጠላው ነበር። እማዬ ጌሾም ጊዜም አልነበራት፣ እትዬ ዘሀራ ደግሞ የሚያሰክር ነገር አይነኩም። ገብሱን ቆልተው፣ በስኳር ጠምቀው፣ በእንስራ ሙሉ ቅሪቦ አደረሱላት፤ እነሱ ለመውሊድና ለሠርግ የሚጠጡትን። "ለሚካኤል በቅሪቦ?" አለች እማዬ። "መልአኩ የእኛም ነው፣ ቅር አይለውም" አሏት። በዓሉ ከጾመ ነቢያት በፊት መዋሉ በጀን እንጂ ሙክቱ እዚያው ታስሮ ይከርም ነበር።

ሰዓዳ ዛሬ ጨፋ ሮቢት ነው ያለችው፤ ብዙ የልጅ ልጅ አላት፣ ጉልበቷ ይታመማል፣ ስልክ ስትደውል አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ትወርድብኛለች። እናቷ ያቺን ካርድ ስለገፏት ነገር ስጠይቃት "ኧረ ወላሂ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ እናቴ ታደሰ ከመታመሙ በፊትም አሥር ጊዜ ጨዋታውን አስተምሪኝ ብላኝ ነበር" አለችኝ። እትዬ ዘሀራ ካለፉ ቆይተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ እዚያ ቤት ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ያኔ ጥጥ ብቻ የሚፈትሉ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ለእሷ መላ ይፈልጉ ኖሯል።

በኅዳር ሚካኤል ሴቶቹ ሁሉ መጡ። እትዬ ዘሀራ ከጓዳው በር አጠገብ ዳቦ ተቆርሶላቸው ተቀምጠዋል። መምሬ ኃይሌ ጸሎቱን አድርሰው፣ ቅሪቦውን ባርከው ቀመሱና "ይኼስ ዛሬ ሁላችሁም ቀጥ ብላችሁ ቤታችሁ ትገባላችሁ" አሉ፤ ሳቅ ሆነ። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም ተባለ። ሁሏም ያንኑ ጥያቄ ይዛ እንደተቀመጠች ይታወቃል፣ የሚጠይቅ ግን የለም። ያ ዝምታ ከጥያቄው ባሰ። እማዬ እንጀራ እያቀረበች ነበር፤ መሶቡን አስቀመጠችና ቀና አለች።

"ወሬ አልሰማሁም" አለች። "እኖራለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ወሬ ግን የለኝም። የሰማሁ ቀን እኔው እየሮጥኩ መጥቼ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ አትጠይቁኝ፣ በሚካኤል።"

እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሌሎቹም አለቀሱ፣ እማዬም አለቀሰች፤ ለአባቴ ቤታችን ውስጥ ሲለቀስለት ያኔ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ተበላ። የሚቀጥለውን ወር እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ተነሥተው ተቀበሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ሁሉ አላመንኩም ነበር። ቃሏን ስለፈጸመች ተመልሳ መደቧ ላይ የምትቀመጥ መሰለኝ። ሙሉ ወር እንደ ሌባ ስጠብቃት ከረምኩ፤ አንዳንድ ቀን ደጅ ትወጣለች፣ አንዳንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ከትምህርት ቤት ከታደሰ ጋር እየተጋፋን መጣን። ርቦን ነበር። በሩን ስንገፋው አልከፈት አለ። ታደሰ "ምን ሆና ነው?" ብሎ ፊቱ ተለወጠ፣ በመስኮቱ ሊገባ ተንጠለጠለ። እኔ ቀና ስል በበሩ ሰንሰለት ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁ። ከውጭ ነው የተቆለፈው። ሰዓዳ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ "እናታችሁ እትዬ ጥሩነሽ ቤት ሄዳለች፣ ማኅበር ነው። ኑ እኛ ቤት ብሉ" አለችን። አልሄድንም። ታደሰና እኔ ደጃፋችን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ ቁልፉን እያየን። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ርቦኝ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም።